አምስት ነጥብ ሁለት

ባለፈው ሳምንት ቮርድሴንትራል፣ የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ማለቴ ነው፣ ለደም ግፊቴ ሄጄ ነበር። ልጅ እግር የሆነች ነርስ ክንዴ ላይ ጨርቁን ጠምጥማ አየር ሞላችበትና የመለኪያውን መርፌ እያየች ቀስ አድርጋ ለቀቀችው። «መቶ ስድሳ፤ ከፍ ብሏል። የሚያስጨንቅዎት ነገር አለ?» አለችኝ። የለም አልኳት። እኔ ሳላዘው ግን ጭንቅላቴ ሥራውን ጀምሮ ነበር፤ መቶ ስድሳ ሚሊሜትር ሜርኩሪ በኪሎፓስካል ሃያ አንድ ከምናምን፣ በባር ዜሮ ነጥብ ሁለት አንድ፣ በፒ.ኤስ.አይ. ሦስት አለፍ ይላል። ሌላው ሽማግሌ ውዳሴ ማርያም ይደግማል፤ እኔ ግፊት ከአንዱ መለኪያ ወደ ሌላው እመነዝራለሁ። የጨርቁ አየር ሲፏጭ ሲፏጭ ቆይቶ ሲያልቅ ጋሽ ጌታሁን ትዝ አሉኝ። ትዝ አሉኝ ማለት እንኳ አይደለም፤ ከአእምሮዬ ወጥተው አያውቁም።

ያን ጊዜ የፈረንጆቹ አዲሱ ሺህ ዓመት ከገባ ብዙም አልሆነው። ባለቤቴ ቀድማኝ ስዊድን መጥታ ስለነበር እኔም በእሷ በኩል ገባሁና ቮርቢ ጎርድ የሚባል ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ መኖር ጀመርን። ዛሬ ሰው ስልኩን አስነክቶ ባቡር ውስጥ ይገባል፤ በእኛ ጊዜ ሬምሳ የምትባል ረጅም የወረቀት ትኬት ነበረች፤ መስታወት ቤት ውስጥ የተቀመጠው ሰውዬ አጥፎ ማኅተም ይመታባታል። ማኅተሙ የደበዘዘ እንደሆነ ደስታችን ነበር፤ አንድ ጉዞ ተረፈ ማለት ነው። አገር ቤት ለመደወል ባለ ሃምሳ ክሮነር ካርድ ገዝተን በሳንቲም እንፍቃለን። ካርዱ አርባ ደቂቃ ይላል፤ እናትህ ገና የጎረቤቱን ደኅንነት ነግራህ ሳትጨርስ ይቆረጣል። ከአዲስ አበባ ሰው ሲመጣ በርበሬው መሐል ካሴት ሸጉጦ ያመጣል፤ ካሴቱ በርበሬ በርበሬ እየሸተተ ከቤት ቤት ይዞራል። ወንዶቹ ሁላችንም አንድ ዓይነት ነበርን፤ ከልባሽ ሱቅ የተገዛ፣ እጅጌው የሚያጥር ወይ ትከሻው የሚሰፋ የቆዳ ጃኬት፣ ከሥር ሁለት ሹራብ። ብርዱን እንጂ መልካችንን የሚያይ አልነበረም።

እኔ አገሬ ላይ አሥራ ስድስት ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ስዊድን ገብቼ ቋንቋ ትምህርት ቤት ሲያስቀምጡኝ «ይህ ወንበር ነው፣ ይህ በር ነው» እያልኩ በዕድሜ ልጆቼ ከሚሆኑ ወጣቶች ጋር ቃል አጠና ጀመር። አንድ ሁለት ዓመት ጋዜጣ አደልኩ፤ ደረጃ ጠረግሁ። መምህር ብሎ የሚጠራኝ ጠፍቶ ስሜ ራሱ የሌላ ሰው ስም ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ማጥ ያወጡኝ ጋሽ ጌታሁን ናቸው።

ጋሽ ጌታሁን በዕድሜ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ይበልጡኛል፤ የምንኖረው አንድ ሕንፃ ላይ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሰማያዊ ቤሬታ ቆባቸውን በጋም ክረምትም የማያወልቁ፣ የአሰብ መስመር የተሳቢ መኪና መካኒክ የነበሩ ሰው። ጎሚስታ ከሌለበት በረሃ ላይ ከመነዳሪውን፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ እየለጠፉ፣ ስንቱን መኪና ከሞት አስነስተዋል። መለኪያ አያምኑም ነበር። በመዶሻ እጀታ ጎማውን አንዴ መታ ያደርጉና ጆሯቸውን ጠጋ አድርገው «ይቺ ጠግባለች፤ ያቺ ርቧታል» ይላሉ። ስንለካው ልክ ሆኖ ይገኛል። ሰዉ ሁሉ መኪናውን ከመግዛቱ በፊት እሳቸውን ይዞ ይሄዳል። «ጋሽ ጌታሁን አይተውታል» ከተባለ ነገሩ አለቀ። ይህች ነበረች ሀብታቸው።

ሶደርተልየ ከተማ ዳር ላይ፣ ቤርቲል የሚባል ስዊድናዊ አንድ ትንሽ የጎማ ቨርክስታድ፣ ጋራዥ ማለት ነው፣ ነበረው። ጋሽ ጌታሁን እዚያ ይሠሩ ነበርና አንድ ቀን ጎትተው ወስደው ፊቱ አቆሙኝ። ስዊድንኛቸው የተሰባበረ ነው፤ «ይህ ሰው ፊዚክስ አስተማሪ። ይህ ሰው ጋዜጣ ማደል፣ ነውር» አሉት። ቤርቲል ሳቀና በማግሥቱ ግባ አለኝ። ሰማያዊ ቱታ ለበስኩ። ቦታው ዛሬ የለም፤ አምና በዚያ ሳልፍ ረዣዥም መኖሪያ ሕንፃ ተሠርቶበት አየሁ፤ በረንዳው ላይ ሰው አበባ ያጠጣል። ያን ጊዜ ግን የጎማና የዘይት ሽታ፣ የኮምፕሬሰሩ ጩኸት፣ የጋሽ ጌታሁን እንጉርጉሮ ነበር። ፊካ፣ የቡና ሰዓት፣ ሲደርስ ቤርቲል ቀረፋ ያለበትን ዳቦ ያካፍለናል፤ ጋሽ ጌታሁን ኩባያቸውን በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ በረሃ ላይ ግመል እንዴት አድርጎ መኪናን እንደሚቀድም ይተርኩልናል።

ሰሌዳውን የጻፍኩት በዚያ ዘመን ነው። የሚመጣው ጎማ ዓይነቱ ብዙ ነበር። አንዳንዱ ጎኑ ላይ የሚችለው ግፊት በፒ.ኤስ.አይ. ተጽፎበታል፤ ሌላው በኪሎፓስካል፤ የእኛ መለኪያ የሚያሳየው በባር ነው፤ ቤርቲል ደግሞ እንደ ድሮ ስዊድኖች ባሩን ኪሎ ይለዋል። ጋሽ ጌታሁን «ለአንድ ትንፋሽ አየር አራት ስም! እኛ አገር ሰው እንኳ ሁለት ስም ነው ያለው፣ የክርስትናና የቤት» እያሉ ይስቁ ነበር። ቤርቲል አንድ ነጭ የቆርቆሮ ሰሌዳ አምጥቶ «አንተ መምህር ነህ፣ ማንም ሰው ሳይደናገር የሚያነበው አድርገህ ጻፍልን» አለኝ። ስንት ዓመት ጠመኔ ያልያዘ እጄ ወፍራሙን እስክሪብቶ ያዘ። በግራ ፒ.ኤስ.አይ.፣ መሐል ኪሎፓስካል፣ በቀኝ ባር። ሠላሳ፣ ሁለት ነጥብ አንድ። አርባ፣ ሁለት ነጥብ ስምንት። መቶ፣ ስድስት ነጥብ ዘጠኝ። ፒ.ኤስ.አይ.ውን በአሥራ አራት ተኩል እያካፈልኩ፣ መስመር እያሰመርኩ፣ ከላይ እስከ ታች ሞላሁት። ቤርቲል ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ጋሽ ጌታሁን «በል እንግዲህ መምህር፣ ጆሮዬን ጡረታ አወጣኸው» አሉኝ። ያን ቀን ቤቴ የገባሁት ሰው ሆኜ ነው።

መልሼ አላየሁትም። ተማሪዎቼን «መልሳችሁን ሳትፈትሹ ወረቀት አትስጡ» እያልኩ ስቆጣ የኖርኩ ሰው፣ የራሴን አልፈተሽኩም።

የመጀመሪያው በረዶ በጣለ ሳምንት ሰው ሁሉ የክረምት ጎማ ለማስቀየር ይሰለፋል። ከጠዋት ጀምሮ ቀና አላልንም። አንዲት ፈረስ የምታረባ ሴት የጋሪ ጎማ አምጥታ ነበር፤ ትንሽ ናት፤ ቸርኬዋ፣ ጎማው የሚለብሰው ብረት፣ ሁለት ግማሽ ሆኖ በብሎን የተጋጠመ ዓይነት። ጋሽ ጌታሁን ለጥፈው ጨርሰው አየር ሊሞሏት ነው። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ የመኪና ጎማ እፈታለሁ።

«መምህር!» አሉኝ።

«አቤት ጋሼ!»

«ይቺ ጎማ ሠላሳ ስድስት ትላለች። ሰሌዳህ ላይ አምስት ነጥብ ሁለት ይላል። ለዚች ለምታህል አይበዛባትም?»

ዘወር ብዬ አላየሁም። ልብ ብዬም አልሰማሁም። ትዝ የሚለኝ መጠየቄ እንዳስኮረፈኝ ብቻ ነው፤ ሰሌዳዬ ተጠየቀ ብዬ።

«ሒሳብ እኮ ነው ጋሼ! የተጻፈውን ይሙሉ።»

«እሺ፤ አንተ ካልክ» አሉ።

ደቂቃ አልሞላም። ድምፁን በቃል ልነግራችሁ አልችልም። ጣሪያው ላይ የነበረው አቧራ በሙሉ ወረደ። ዞር ስል የቸርኬው ግማሽ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል፤ ጋሽ ጌታሁን በጀርባቸው ወድቀዋል፤ ቤሬታቸው ሩቅ ሄዷል። ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው «ምን ሆነ? ማነው የመታኝ?» ይሉ ነበር፣ በአማርኛ፣ ቤርቲልን። በጣቶቻቸው መሐል ደሙ ይወርዳል። አምቡላንስ መጣ፤ ቤርቲል አብሮ ሄደ፤ ደንበኞቹ እየተንሾካሾኩ ተበተኑ። እኔ «ቤቱን ጠብቅ» ተብዬ ብቻዬን ቀረሁ።

ያን ጊዜ ነው የተቀደደችውን ጎማ አንስቼ ጎኗን ያነበብኩት። ሠላሳ ስድስት። በአሥራ አራት ተኩል ሲካፈል ሁለት ነጥብ አምስት። ቀና ብዬ ሰሌዳውን አየሁ። በራሴ ጽሑፍ፣ በዚያ ተማሪ ሁሉ በሚያውቀው ጥርት ባለ የመምህር ጽሑፌ፣ ሁለቱን አሃዝ አገላብጬ 5.2 ብዬ ጽፌ ነበር። ከሚገባት ከእጥፍ በላይ አስሞልቻቸዋለሁ።

ከዚያ ያደረግሁትን ማንም አላዘዘኝም። ጨርቅ በማጽጃ ነክሬ ያቺን አንዲት ቁጥር ጠረግኋት። እስኪደርቅ እፍ አልኩባት። 2.5 ብዬ ጻፍኩ። ለሥራዬ ፈርቼ ነው ብዬ ለራሴ ስንት ዓመት ነገርኩት፤ ውሸት ነው። የፈራሁት መምህር የሚለውን ስም ለማጣት ነው። ገና አሁን መልሼ ማግኘቴ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪ መጣ። ለካ፣ ፎቶ አነሳ፤ ሰሌዳውንም አነሳ። «የሚጠቀመው በዚህ ሠንጠረዥ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። «ያ» አልኩት። የስዊድንኛው «አዎ» አጭር ቃል ናት። ሠንጠረዡ ትክክል ነው፤ ሠራተኛው በጥድፊያ ቁጥሩን ሳያጣራ ሞልቷል ተብሎ ተጻፈ። ቤርቲል አለቀሰ፤ «ምነው ቢጠይቅ ኖሮ» ይል ነበር።

ሆስፒታል ስገባ ሁለቱም ዓይናቸው ታስሯል። የግራው ያኔውኑ ጠፍቷል፤ የቀኙ ብርሃንና ጨለማ ብቻ እንደሚለይ በኋላ ነው ያወቅነው። ልጃቸው ማርታ አጠገባቸው ተቀምጣለች። ገና እግሬ ሲገባ በኮቴዬ ለዩኝ።

«መምህር፣ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ሰሌዳው ላይ ያለው ስንት ነው?»

ማርታ ቀና ብላ አየችኝ። «ሁለት ነጥብ አምስት» አልኩ።

በዳበሳ ፋሻቸውን ነካ አደረጉ። «እኔ እኮ አምስት ነጥብ ሁለት ነው ያየሁት። ጠይቄህም ነበር። አይበዛባትም ወይ አልኩህ።»

«ኮምፕሬሰሩ ይጮህ ነበር ጋሼ። አልሰማሁዎትም።»

«እንግዲህ» አሉ፣ ራሳቸውን ወደ ግድግዳው እያዞሩ፣ «ዓይኔ ቀድሞ ሄዶ ኖሯል ማለት ነው።»

ሰው ደግ ነው ይባላል፤ ደግም ሆኖ ወሬኛ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ውስጥ «አረጁ እኮ፤ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቶ ነበር፤ ባይሠሩ ይሻል ነበር» ይባል ጀመር። መኪናቸውን በእሳቸው አስመርምረው የገዙ ሰዎች እንኳ «እኔም ያኔ ጠርጥሬ ነበር» አሉ። ጋሽ ጌታሁን በልጃቸው ክንድ ተይዘው ሲገቡ ወሬው ይቆማል፤ ሁሉም ይነሣል፤ ሁሉም ትከሻቸውን ይስማል። ያንን ዝምታ ሰምተውታል። ከዚያ ወዲህ ስለ መኪና አንድ ቃል ሲናገሩ አልሰማሁም።

ማርታ ቬሊንግቢ ወደሚባለው ሰፈር ወስዳ ከራሷ ጋር አኖረቻቸው። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄድ ጀመር። ቮርቢ ጎርድ በቀዩ የባቡር መስመር እሳፈራለሁ፣ በአረንጓዴው እቀይራለሁ፤ ቬሊንግቢ ስደርስ አደባባዩ ላይ ካለው ሱቅ ብርቱካን እገዛለሁ። ጋዜጣ አነብላቸዋለሁ፤ ካሴት እለውጥላቸዋለሁ፤ ፀሐይ ከወጣች ወጥተን አግዳሚ ወንበር ላይ እንቀመጣለን። ሰው «እንዲህ ያለ ወዳጅ ከየት ይገኛል» ይል ነበር። ባለቤቴ በእኔ ትኮራለች። እኔ ግን ደረጃውን በወጣሁ ቁጥር ዛሬ እናገራለሁ እላለሁ፤ በወረድኩ ቁጥር የሚቀጥለው ቅዳሜ እላለሁ። አራት ክረምት እንዲህ አለፈ።

አንድ ቅዳሜ ማርታ ሥራ ገብታ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የክኒን ሳጥናቸው ተከፍቶ ተቀምጧል፤ በጣት ዳብሶ የሚለይ፣ ለየቀኑ ጉድጓድ ያለው ዓይነት። ቀትር አልፏል፤ የጠዋቱ አልተዋጠም።

«ጋሼ፣ መድኃኒትዎን ረሱት እንዴ?»

«አልረሳሁም። ማርታ ስትመጣ ትሰጠኛለች።»

«እዚህ ተቆጥሮ ተቀምጧል እኮ። ሁለት ነው።»

«እኔ ቁጥር አልነካም» አሉ። እጃቸውን ከሳጥኑ አርቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። «ቁጥር ይገለባበጥብኛል። ስልክም ራሴ አልደውልም። ለሐኪሙም ነግሬዋለሁ፤ ጭንቅላትህ ደኅና ነው ይለኛል፤ ግን እሱ ምን ያውቃል? እኔ በሁለት ዓይኔ አምስት ነጥብ ሁለት አይቻለሁ። ዛሬም ጨለማው ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። የሌለ ነገር እንዲህ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ሰው፣ መምህር፣ ጤነኛ ነው?»

ዓይናቸውን ብቻ የወሰድኩ መስሎኝ ነበር።

«ጋሼ፣ የጻፍኩት አምስት ነጥብ ሁለት ነው» አልኩ።

ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ።

«ተሳስቼ አገላብጬ ጻፍኩት። እርስዎ ሲጠይቁኝም ሰምቻለሁ። ይሙሉ ያልኩዎት እኔ ነኝ። አምቡላንሱ ከሄደ በኋላ ጠርጌ አስተካከልኩት።»

ቀስ እያለ ፊታቸው ላይ አንድ ነገር መጣ፤ ቁጣ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ፈገግታ ነበር። ከሆስፒታሉ ወዲህ ያላየሁት ፈገግታ።

«በትክክል አይቼ ነበር ማለት ነው?»

«በትክክል አይተዋል።»

«በትክክል ጠይቄም ነበር።»

«ጠይቀዋል ጋሼ።»

እጃቸውን ዘርግተው የክኒን ሳጥኑን ዳበሱ፤ የቅዳሜዋን ጉድጓድ አገኟት፤ አንድ፣ ሁለት ብለው ቆጥረው ያለ ውሃ ዋጧቸው። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። ጉልበታቸው ላይ ተደፍቼ እግራቸውን ልይዝ ስል «ተነሥ» አሉኝ። «ስሕተቱን አልቆጥርብህም። በረሃ ላይ እኔም ተሳስቼ ሰው አስጎድቻለሁ። ግን አራት ዓመት እዚህ ቁጭ ብለህ፣ ብርቱካን እየላጥክልኝ፣ እብድ ነኝ ብዬ ስፈራ ታየኝ ነበር?»

ከተደፋሁበት ተነሣሁ።

«ስሜ የጠፋው አዳራሹ ውስጥ ነው። እዚያ ትመልሰዋለህ።»

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ተነሥቼ ተናገርኩ። አንድ ነገር አላስቀረሁም፤ ጨርቁን፣ እፍ ማለቴን፣ ለተቆጣጣሪው ያልኩትን «ያ» እንኳ። ባለቤቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። አንድ ሽማግሌ «እግዚኦ» አሉ። ጋሽ ጌታሁን ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ሰማችሁ?» አሉ፤ እንደገና ተቀመጡ። ያንኑ ሳምንት ለተቆጣጣሪው ቢሮ ጻፍኩ፤ ሄጄም ቃሌን ሰጠሁ። ከወራት በኋላ አንድ ገጽ ደብዳቤ መጣ፤ የሠራተኛው ጥፋት የሚለው ተሽሯል። ቤርቲል ግን ከዚያ በፊት፣ እውነቱን ስነግረው፣ ከቨርክስታዱ አሰናብቶኝ ነበር፤ እጄን ሳይጨብጠኝ።

ከአዳራሹ በኋላ በመጣው ቅዳሜ እንደ ልማዴ ቬሊንግቢ ሄድኩ። ማርታ በሩን ገርበብ አድርጋ ከፈተች። «ፓፓ ሶቬር» አለችኝ፤ አባባ ተኝቷል ማለቷ ነው። ከጀርባዋ ሬዲዮ ይሰማል። ብርቱካኑን ሰጥቻት ተመለስኩ። የሚቀጥለውም ቅዳሜ ተኝተዋል። በሦስተኛው፣ በሩ ሲከፈት ሳላቸው ተሰማኝ፤ የማርታ ፊት ቀላ። ያን ጊዜ ከውስጥ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ ለእሷ ነገሯት።

«ማርታ፣ ይቅር ብዬዋለሁ በይው። ከልቤ ነው። መምጣቱን ግን ይተው።»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች፤ አማርኛውን በአፏ ልታስተካክል ትንሽ ታገለች።

«ሰምቻለሁ» አልኳት።